ሕክምናው ካለቀ በኋላ፦ ወሎ ተቀምጦ ራስን ስለ መጠበቅ

ይህን የምጽፈው የካንሰር ሕክምናቸውን ጨርሰው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ወይም ከዚያ ወዲያ ገጠር ለገቡ ሰዎችና አብረዋቸው ለሚኖሩ ነው። እኔ ኮምቦልቻ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ በኋላም ግራ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ቀዶ ጥገናውንም፣ ኬሞውንም፣ ጨረሩንም ያለፍኩ ሴት ነኝ። አሁን የምኖረው ደሴ ነው። ከመርፌው ጫፍም ከመርፌው እጀታም ስለነበርኩ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ገብቷል፦ ሕክምናው እስኪያልቅ ድረስ ሁሉም ይከታተላችኋል፤ ካለቀ በኋላ ግን ያከማችሁ ስፔሻሊስት ብዙውን ጊዜ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ነው፣ እናንተ ደግሞ እዚህ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ በአብዛኛው በቅርብ ሰው እጅ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ቡና አጣጮቻችሁ። እነዚህ ሰዎች ምን ታክማችሁ እንደመጣችሁ ካላወቁ፣ ሊረዷችሁ ፈልገው ሊጎዷችሁ ይችላሉ። ስለዚህ ከታች የምለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የቅርቡን ሰው ማሳወቅ ላይ ያርፋል።

አብዛኛው ስለ ጡት ካንሰር ነው። አገራችን ውስጥ ሴቶችን ከሁሉ በላይ የሚይዘው እሱ ነው፣ እኔም በደንብ የማውቀው እሱን ነው። ሌላውን ባጭሩ አነሳለሁ።

ፋይሉ

ሕክምናው ሲያልቅ ሐኪሙን «ያደረጋችሁልኝን በአንድ ገጽ ጻፉልኝ» በሉት። አትፈሩ፤ ይህ ውለታ አይደለም፣ መብታችሁ ነው። «ኬሞ ወስዳለች» የሚል ብቻ ከሆነ አይበቃም። የመድኃኒቶቹ ስም፣ መጠንና ስንት ዙር እንደተሰጠ መጻፍ አለበት። በተለይ ያ ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው፣ ስንት ሚሊ ግራም እንደገባባችሁ ይመዝገብ። አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ ከዚህ መድኃኒት መውሰድ የሚችለው መጠን ገደብ አለው፤ ምክንያቱም ልብ ያደክማል። ወደፊት ኬሞ ዳግም ቢያስፈልግ የሚመጣው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ከእሱ ጋር የባዮፕሲውን (ከዕጢው ተቆርጦ የተመረመረውን) ውጤት ያዙ። የጡት ከሆነ ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ምርመራ እዚያ ውስጥ ይገኛል፤ ለዓመታት የምትውጡት ኪኒን የሚወሰነው በእሱ ነው። የቀዶ ጥገናው ወረቀት፣ ጨረር የት አካባቢና ስንት ቀን እንደተሰጠ፣ የልብ አልትራሳውንድ ካላችሁ እሱም ይግባ። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው፣ አይገባኝም ብላችሁ ጥግ አትጣሉት። ለእናንተ ባይገባችሁ ለሚቀጥለው ሐኪም ይገባዋል።

ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሱትና ለልጃችሁ ወይም ለምታምኑት ዘመድ በቴሌግራም ላኩ። አንድ ኮፒ አቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ካርዳችሁ ውስጥ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ይህን ትእዛዝ ለምን እንደምሰጥ አይጠይቀኝም። ጤና ተቋሞቻችን ሲዘረፉ ታሪኩ አንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ የነበረ ሰው ሁሉን ከባዶ ጀመረ።

ቀጠሮው

ለጡት ካንሰር የተለመደው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ አንዴ፣ በ4ኛውና በ5ኛው ዓመት ከ6 እስከ 12 ወር አንዴ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ሐኪም ያያችኋል። ማየት ስል መጠየቅና በእጅ መመርመር ማለቴ ነው። በዓመት አንዴ ደግሞ ማሞግራም (የጡት ራጅ)። ማሞግራም ማግኘት ካቃታችሁ የሐኪም እጅና አልትራሳውንድ ከምንም ይሻላል፤ ግን ማሞግራሙን ፈጽማችሁ አትርሱት፣ አዲስ አበባ ስትሄዱ ከቀጠሮው ጋር አዛምዱት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ምንም ሳያማቸው «መላ ሰውነቴን ሲቲ ስካን ልነሣ» ብለው በሬ ሸጠው አዲስ አበባ የሚወርዱ አሉ። የጡት ካንሰር ታክሞ ምልክት ለሌለው ሰው ሲቲ ስካን፣ የአጥንት ስካን፣ የካንሰር ደም ምርመራ በየጊዜው መደርደር ዕድሜ እንደሚጨምር አልታየም። የሚጨምረው ጭንቀትና ወጪ ነው፣ ሲቲው ደግሞ ጨረርም አለው። ብሩን ለኪኒኑና ለትራንስፖርቱ አስቀምጡ። የአንጀት ካንሰር የታከመ ሰው ግን ሌላ ነው፤ እሱ የደም ምርመራውም፣ ከቀዶ ጥገናው አንድ ዓመት ገደማ በኋላ በመሣሪያ አንጀት ማየቱም (ኮሎኖስኮፒ) ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጎረቤት የታዘዘላትን አትከተሉ።

ቀጠሮውን በበዓል ስም አታስቡት። «ከረመዳን በኋላ» ያላችሁት ነገር ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ሳታውቁት ይንሸራተታል። ወሩንና ቀኑን ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ላይ አክብቡት። መንገዱ ሲዘጋ፣ ሲከፈት እንደሚኖር ታውቃላችሁ፤ ከቀጠሮው ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ተነሡ። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ አቅም ለሌላቸው ማረፊያ ከሚሰጡት አንዱ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ቦታ መኖሩን አስጠይቁ። የጤና መድን ተጠቃሚ ከሆናችሁ እድሳቱ እንዳያመልጣችሁ፣ ሪፈሩንም ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በደረጃው ይዛችሁ ሂዱ። ያለ ሪፈር ደርሶ መመለስን የመሰለ ድካም የለም።

ጥያቄዎቻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ግቡ። ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ የማይረሳ ሰው አላየሁም። አብሯችሁ የሚገባ ሰው ካለ የሚባለውን እሱ ይጻፍ።

ክንዱ

በብብታችሁ ያለው ንፍፊት (ሊምፍ ኖድ) ወጥቶ ወይም ጨረር ተደርጎበት ከሆነ ያ ክንድ ዕድሜ ልኩን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እብጠቱ ሕክምናው ባለቀ ሰሞን ሊመጣ ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ከመጣ ጨርሶ መጥፋቱ ያስቸግራል፤ ገና ሲጀምር ከተያዘ ግን አደብ ይገዛል።

በወር አንዴ ለኩት። ልብስ ሰፊ የሚይዘው ሜትር ይበቃል። ከክርናችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና የሁለቱንም ክንድ ዙሪያ ለክታችሁ ጻፉ። የምንሠራበት ክንድ በተፈጥሮው ትንሽ ስለሚወፍር ከሌላው ክንድ ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከቀድሞው ልክ ጋር አወዳድሩት። ልዩነቱ 2 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ፣ ወይም አምባር፣ ቀለበት፣ የቀሚስ እጅጌ ሲጠብቅ ከተሰማችሁ፣ ወይም ክንዱ ከከበዳችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ታዩ።

የቤታችን ሥራ ይህን ክንድ አይወደውም። እንጀራ ስትጋግሩ የምጣዱ እንፋሎትና የምድጃው ነበልባል የሚመታው ክንዱን ነው፤ አክንባሎውን በሌላው እጅ አንሡ፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ቡና ስትቆሉ እንዲሁ። በለስ የምትለቅሙ ያንን ደቃቅ እሾህ በዚያ እጅ አትንኩት። አረም፣ አጨዳ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ድመት ሳይቀር፤ ቆዳውን የሚቀድ ነገር ሁሉ ለቁስል በር ይከፍታል። ከተቀደደ ወዲያው በውኃና በሳሙና ታጥባችሁ ሸፍኑት። ማታ ማታ ቫዝሊን ቀቡት፤ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል።

ክንዱ ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ካመመና ትኩሳት ካመጣ ያ ኢንፌክሽን ነው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ነገ ገበያ ስወጣ አያይዤ» አይባልም፤ በፍጥነት ወደ ደም ሊገባ ይችላል። እብጠቱንም ያባብሰዋል።

ደም ግፊት፣ ደም መቅዳት፣ መርፌ በሌላው ክንድ ይሁን። ነርሷ አታውቅምና እናንተ ተናገሩ። ድንገተኛ ነገር ገጥሞ ሌላ መንገድ ከጠፋ ግን ሕይወት ይቀድማል፤ አንዴ ተለካበት ተብሎ ክንዱ ያብጣል ብላችሁ አትጨነቁ። ዋግምት፣ ሒጃማ፣ በወጌሻ መታሸት ግን በዚያ ክንድና በዚያ በኩል ባለው ጀርባ ላይ ፈጽሞ አይሁን። የወይባ ጢስ የምትወዱ እህቶቼም ታሳዝኑኛላችሁ፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ያ ሙቀት ለክንዱ እብጠትም ለጨረር ቆዳም ጥሩ አይደለም፤ ያመለጠን ነገር ብላችሁ እለፉት።

ይህ ሁሉ ሲባል ክንዱን አቅፋችሁ ተቀመጡ ማለት አይደለም። ድሮ «ምንም አታንሺ» ይባል ነበር፤ ዛሬ እንደዚያ አይባልም። ከቀላል ተነሥቶ ቀስ በቀስ ክብደት ማንሳት ክንዱን ያጠነክራል። 20 ሊትር ጀሪካን በመጀመሪያው ወር አታንሱ እንጂ፣ በ2 ሊትር ጀምራችሁ ማደግ ትችላላችሁ። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ፊት ቆማችሁ በጣቶቻችሁ ወደ ላይ እየተንፏቀቃችሁ ክንዱን እስከቻላችሁት ድረስ አድርሱት። ነጠላ ማጣፋትና ፀጉር መሠራት የሚያቅታችሁ ከሆነ ይህን እንቅስቃሴ ረስታችኋል ማለት ነው።

ኪኒኑ

ዕጢያችሁ በሆርሞን የሚያድግ ከነበረ ታሞክሲፈን 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ለ5 ዓመት፣ ለአንዳንዱ ሰው እስከ 10 ዓመት ይታዘዛል። የወር አበባዋ ለተቋረጠ ሴት በምትኩ አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል ሊሰጥ ይችላል። ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ኬሞ ያሠቃያል፣ ስለዚህ መድኃኒት መሆኑን ያምናል። ይህች ትንሽ ኪኒን አታሠቃይም፣ ስለዚህ መድኃኒት አትመስለውም፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ይተዋታል። አትተዉ። ካንሰሩ እንዳይመለስ ከያዙት ነገሮች አንዷ እሷ ናት።

በቀን አንዴ ስለሆነች ጾም አትነካም። ረመዳን የሚጾም ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ይውሰዳት፤ ዐቢይ ጾም የሚጾም ማታ ሲመገብ። ዋናው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አካባቢ መሆኑ ነው። ከረሳችሁ በማግሥቱ ሁለት አትዋጡ። ሣጥኑ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ወር ሲቀረው ግዙ፤ ከተቻለ የሁለት ሦስት ወር አስቀድማችሁ ያዙ፣ የሚያበቃበትን ቀን አይታችሁ።

ሙቀት ድንገት ፊት ላይ የሚወጣው የታሞክሲፈን ሥራ ነው። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ሙቀቱ ከውጭም ከውስጥም ነው፤ ደሴ ያለን ቢያንስ የጦሳ ተራራ ብርድ ያግዘናል። ተደራራቢ ስስ ልብስ ልበሱ፣ በርበሬና ትኩስ ነገር ሲያስነሣባችሁ ቀንሱ። ወሎ ተቀምጬ ቡና ተዉ አልልም፤ አቦሉን ጠጥታችሁ ቶናውንና በረካውን አሳልፉ፣ ጀባውም ዱዓውም አይቀርባችሁም።

የሚከተሉት ግን ወዲያው ሐኪም የሚያሳዩ ናቸው፦ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም ከታየ፤ አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፤ ትንፋሽ ድንገት ካጠረ። ታሞክሲፈን በጥቂት ሰዎች የማሕፀን ግድግዳን ይነካል፣ ደምም ያረጋል።

አሁን የቅርብ ሰው ወዳልኩት ልምጣ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትመጣ የሦስት ወሩን መርፌ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ታቀርባለች። ሥራዋ ነው። የጡት ካንሰር የታከመች ሴት ግን ሆርሞን ያለበትን መውሰድ የለባትም፤ ሆርሞን የሌለበት ሉፕ ወይም ኮንዶም ይሻላታል። በታሞክሲፈን ላይ ሳሉ ማርገዝም ለፅንሱ አደገኛ ስለሆነ መከላከያው ግዴታ ነው። ይህን ሁሉ ልጅቷ በምን ታውቃለች? «የጡት ካንሰር ታክሜአለሁ» ብላችሁ ካልነገራችኋት አታውቅም። ልጅ የምትፈልጉ ከሆነም መድኃኒቱን ራሳችሁ አታቁሙ፤ መቼና እንዴት እንደሆነ ከካንሰር ሐኪማችሁ ጋር ይመከራል።

ለጭንቀት ወይም ለድብርት መድኃኒት ሲታዘዝላችሁም «ታሞክሲፈን እወስዳለሁ» በሉ። ፍሉኦክሲቲንና ፓሮክሲቲን የተባሉት የታሞክሲፈንን ሥራ ያዳክማሉ፤ ሌላ ምርጫ አለ።

አናስትሮዞልና ሌትሮዞል የሚወስዱ ደግሞ አጥንታቸውን ይጠብቁ። ጠዋት ሲነሡ መገጣጠሚያ የሚደርቀው ከዚያ ነው፤ መንቀሳቀስ ያላላዋል። ወተት፣ እርጎ፣ ጎመን፣ የጠዋት ፀሐይ፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሐኪሙ ካዘዘ እሱንም። አዲስ አበባ ስትሄዱ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ያስፈልገኝ ይሆን ብላችሁ ጠይቁ።

እግርና ልብ

ፓክሊታክሰል የተባለውን ኬሞ የወሰደ ሰው እግሩና ጣቶቹ ሊደነዝዙ ይችላሉ። ለብዙው ሰው በወራት ይሻለዋል፣ ለአንዳንዱ ይቀራል። እግሩ ለማይሰማው ሰው ከሁሉ የተሻለው ትምህርት ያለው እዚሁ አጠገባችን ነው፦ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ለዘመናት ሲያስተምር የኖረው የእግር ጥንቃቄ። ማታ ማታ ውስጥ እግራችሁን በመስታወት ወይም በሰው ዓይን እዩ። እግሩን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፉት፣ ውኃውን ግን እግሩ ሳይሆን ክርን ወይም ልጅ ይሞክረው። ሳይደርቅ ቅባት ቀቡት። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ውስጡን በእጅ ዳስሱ። በደሴ ብርድ እግርን ከሰል ላይ መዘርጋት ልማድ ነው፤ የማይሰማ እግር ግን እየተቃጠለ ዝም ይላል። ካልሲ ይበቃችኋል።

ቀዩን ኬሞ ወይም በግራ ደረት ላይ ጨረር የወሰደ ሰው የልቡ ነገር ከዓመታት በኋላም ይታሰብ። ቀድሞ ያለ ችግር የምትወጡት ዳገት ትንፋሽ ካሳጠራችሁ፣ እግር ካበጠ፣ ጋደም ስትሉ ትንፋሽ ካጠረ ለነርሷ «ይህን መድኃኒት ወስጄ ነበር» በሉ። አለበለዚያ ዕድሜ ነው፣ ጋዝ ነው ተብሎ ይታለፋል። ደም ግፊትን መቆጣጠር ለዚህ ልብ ትልቅ እርዳታ ነው። ጫት ደግሞ ግፊትንም የልብ ምትንም ይጨምራል፤ ወንዶቹን አስቆጣ ይሆናል እንጂ ይህን ሳልጽፍ አላልፍም። መስከረም 21 ግሸን የምትወጡ ከዚህ መድኃኒት ጋር ታሪክ ካላችሁ አስቀድማችሁ ተመርመሩ፣ ስትወጡም እያረፋችሁ።

የማሕፀን በር፣ የአንገት፣ የልጅ

የማሕፀን በር ካንሰር በጨረር የታከመች ሴት ማንም የማይነግራት ነገር አለ። ብልቷ ውስጥ ያለው ቆዳ ይደርቃል፣ ይጠብባል። ዝም ከተባለ የባልና ሚስት ግንኙነትም፣ በኋላ ሐኪም መርምሮ ማየቱም አስቸጋሪ ይሆናል። ሐኪሙ ሲፈቅድ ግንኙነት መጀመር ወይም ለማስፋት የሚሰጠውን መሣሪያ መጠቀም፣ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ መጨመር ይረዳል። ባልየውም ይህን ይወቅ፤ ካንሰሩ አይጋባም፣ ጨረሩም ከእሷ ወደ እሱ አይተላለፍም። ሰገራ ወይም ሽንት ላይ ደም ከዓመታት በኋላ ሊታይ ይችላል፤ ሁልጊዜ ካንሰሩ ተመለሰ ማለት አይደለም፣ ግን ይታይ። ከኤችአይቪ ጋር የምትኖር ከሆነች መድኃኒቷን አንድ ቀን አታቋርጥ። ሴት ልጆቻችሁን ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት አስከትቡ።

አንገቱ ላይ ጨረር የተሰጠው ሰው የታይሮይድ የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልገዋል፤ አፉ ስለሚደርቅም ጥርሱ ቶሎ ይበላል። ልጅ ከሆነ የታከመው ቁመቱ፣ ትምህርቱና ልቡ ይታይ፣ ያመለጠው ክትባት ይሟላ። ወላጆች የበሽታውን ስም ከልጁ ይደብቃሉ። ጎረምሳ ሲሆን ንገሩት፤ እናንተ ከሌላችሁ ታሪኩን የሚያውቅለት እሱ ብቻ ነው።

የጡት ካንሰር በቤተሰብ ሊሄድ ይችላል። እህቶችና ሴት ልጆች ምርመራ የሚጀምሩበትን ዕድሜ ሐኪም ይጠይቁ፤ እናት በ45 ዓመቷ ከታመመች ለልጅቷ ብዙ ጊዜ ከዚያ 10 ዓመት ቀድሞ፣ በ35 ገደማ ይታሰባል።

ድካም፣ ምግብ፣ ጠበልና ዱዓ

ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሚቆየው ድካም ስንፍና አይደለም። ተኝቶ ግን አይለቅም። መድኃኒቱ መራመድ ነው፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ይመከራል፣ በአንድ ጊዜ 10 ደቂቃም ቢሆን ይቆጠራል። ደሴ ሁሉም ቤት ዳገት ላይ ስለሆነ ሜዳ መርጣችሁ ጀምሩ። ደም ማነስና ታይሮይድ ያልተመረመረ ሰው ድካሙ ካልለቀቀው ይመርመር።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ የጤፍ እንጀራ ይበቃል። ክብደት እንዳይጨምር፣ አረቄና ሲጋራ ይቅር። «ካንሰር ያጠራል» እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጥ ዱቄትና ጁስ ገንዘባችሁን ነው የሚያጠራው።

ጠበልም ሂዱ፣ ወዳጃም ተቀመጡ፣ ዱዓም አስደርጉ። እኔ ቤት አንዱ ወገን ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን ስለሆነ ሁለቱም ጸልየውልኛል፣ አንዱንም አልመለስኩም። ነገር ግን ኪኒኑን አቁማችሁ ኑ የሚላችሁ ካለ አትስሙት። የምትጠጡት ሥር ወይም ቅጠል ካለ ለሐኪሙ ንገሩት፤ አይቆጣም፣ ቢቆጣም ይወቀው።

ሰውና ፍርሃት

ቀጠሮ ሲቃረብ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አላበደም። ራስ ምታት ሁሉ ካንሰር ይመስለዋል። ለዚህ አንድ ሕግ አለኝ፦ አዲስ የመጣ ሕመም፣ ሳል ወይም ድካም ሁለት ሳምንት ካለፈው ሐኪም ይየው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከሄደ ጉንፋን ነበር። ሁለት ሳምንት የማይጠበቅባቸው ደግሞ አሉ። አዲስ እብጠት ጡት፣ ጠባሳ ወይም አንገት ላይ፤ ሌሊት የሚያነቃ የአጥንት ሕመም፤ ከትውከት ጋር የሚመጣ ራስ ምታት፤ የዓይን ቢጫ መሆን። እነዚህ ነገ ናቸው። ትንፋሽ ማጠርና እግር አልታዘዝ ማለት ግን ዛሬ ናቸው።

ሀዘኑ ከቀን ቀን ካልቀለለ፣ መብላትና መተኛት ካቃታችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ «አብሽሪ» ብቻ አይበቃም። ደሴ የአእምሮ ሕክምና አለ፤ ሂዱ።

ለማን ልንገር ለሚለው፦ ለሁሉም አይነገርም፣ ለማንም አለመንገር ግን አይሆንም። ለልጅ ጋብቻ ይጎዳል ብለው ዝም የሚሉ አሉ፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። ቢያንስ ሦስት ሰው ይወቅ፦ አንድ ቤት ውስጥ ያለ፣ አንዲት ቡና አጣጭ፣ አንድ የጤና ባለሙያ። ቅሬያችሁ (እድራችሁ) ውስጥ የምታምኑት ሰው ካለ እሱም ይወቅ፤ ቅሬ ሲቀበሩ ብቻ የሚያስታውሱት አይደለም፣ ቀጠሮ ለመሄድ ገንዘብ ሲያጥር አዋጥቶ የሚልክ ቅሬ አውቃለሁ። ጠያቂዎች ሲበዙባችሁ ደግሞ በር ላይ የሚቆም ሰው መድቡ፤ የታመመ ሰው አጠገብ ሌላ የሞተ ሰው ታሪክ ማውራት የማይተው ሁልጊዜ አንድ አይጠፋም።

የኪስ ካርድ

ይህን ጽፋችሁ ያዙ፣ በእናንተው አስተካክሉት፦

«የጡት ካንሰር ታክሜአለሁ፤ ቀዶ ጥገና፣ ኬሞ፣ ጨረር። በግራ ክንዴ መርፌ አይወጋ፣ ግፊት አይለካ። ዶክሶሩቢሲን ወስጃለሁ፤ ልቤ ይታሰብ። በየቀኑ ታሞክሲፈን 20 ሚሊ ግራም እወስዳለሁ። ሆርሞን ያለው የወሊድ መከላከያ አይሰጠኝ። የቤተሰብ ስልክ፦ …»

የመድኃኒቶቹን ስም ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ከሥሩ ይጻፍላችሁ። ፎቶ ቤት ወስዳችሁ በፕላስቲክ አስለብጡት፤ አንዱን ከመታወቂያችሁ ጋር፣ አንዱን ከጤና መድን ደብተራችሁ ጋር ያዙ። መድኃኒት በተቀየረ ቁጥር ካርዱም ይቀየር፣ አሮጌውን ቅደዱት።